የመምህሬ የእኩል ምልክት

መምህሬ ተማሪዬ ሆነው ክፍል የገቡ ዕለት፣ ጠመኔውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ንፋስ መውጫ በሚገኘው የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ለመንግሥት ሠራተኞች የከፈትነው አጭር የኮምፒውተር ትምህርት የሚጀመርበት ቀን ነው። ሌሎቹ ቀድመው ገብተው በየኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠዋል። እሳቸው ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ከኮቱ በላይ ነጠላቸውን ጣል አድርገው መጡና በሩ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይፈቀዳል?» አሉ።

እኒህ ሰው ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ሒሳብ ያስተማሩኝ ናቸው። ያኔ አርፍጄ ስመጣ በራቸው ላይ ቆሜ «ይፈቀዳል?» የምል እኔ ነበርኩ። «ኧረ ይግቡ መምህር» አልኩ። ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ብዙዎቹም የሳቸው ተማሪዎች ስለነበሩ ብድግ አሉ። መምህሬ በእጃቸው «ተቀመጡ» ብለው አለፉና የኋለኛው ጥግ ላይ ያለውን ወንበር ያዙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍል ውስጥ «እርስዎ» ይሉኛል፤ ከበሩ ስንወጣ እንደ ድሮው «አንቺ» ነኝ። እንዲተዉት ለመንኳቸው። «ክፍል ክፍል ነው» ብለው እምቢ አሉ።

ከመምህሬ ጋር የሚያገናኘኝ ሒሳብ ብቻ አልነበረም። ተወልጄ ያደግሁት ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ከተማ ወረድ ብሎ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ስጨርስ ቤተሰቤ ንፋስ መውጫ ልኮ ሲያስተምረኝ የተከራየሁት ክፍል የመምህሬ ግቢ ውስጥ ነበር። ከአገር ቤት በአህያ የተጫነ ስንቄን ይዤ የደረስኩ ቀን ማምሻውን ብርዱ አንቀጠቀጠኝ። የመምህሬ ባለቤት፣ እኔ «እትዬ» የምላቸው፣ ጋቢ አምጥተው ትከሻዬ ላይ ጣሉና «ይኸ አገር ስሙን ዝም ብሎ አላገኘው፤ ልበሺ» አሉኝ። ጋቢውን ትምህርቴን እስክጨርስ ድረስ አልተቀበሉኝም።

እትዬ ወሬ ይወዳሉ። ገበያ ወጥተው ቶሎ ተመልሰው አያውቁም፤ በመንገድ ያገኙትን ሁሉ ስለ ልጁ፣ ስለ ላሙ፣ ስለ ማሳው ሳይጠይቁ ማለፍ አይችሉም። ማታ ማታ እኔ ሽሮዬን ሳማስል ደጄ ላይ ዱካ፣ ያችን በርጩማቸውን፣ ስበው ይቀመጡና ያወሩልኛል። አብዝተው የሚያወሩት ፊደል የቆጠሩበትን ጊዜ ነው። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ወደ ሰፈራቸው የተላከው ወጣት አስተማሪ መምህሬ ነበሩ። «እኔ ሰሌዳውን መች አየሁት፤ አስተማሪውን ነበር የማይ» ይላሉ እትዬ፣ መምህሬ በሚሰሙት ድምፅ። መምህሬ መስኮታቸው አጠገብ የተማሪ ደብተር እያረሙ እንዳልሰማ ይሆናሉ።

ከንፋስ መውጫ ወጥቼ ኮምፒውተር ተማርኩ። ዕጣ ወጥቶልኝ ለማስተማር ወደዚያው ከተማ ስመለስ፣ ዕቃዬን ካሳረፍኩ በኋላ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ እነሱ ግቢ ነው። ያላወቅሁት ነገር ጠበቀኝ። እትዬ የደም ግፊት ነበረባቸው፤ ከወራት በፊት አንድ ጠዋት ከአልጋ ሊነሡ ሲሉ ቀኝ እጅና እግራቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተሳሰረ። ጎንደር ድረስ ተወስደው ታክመዋል፤ ጠበልም ተጠምቀዋል። እግራቸው እየበረታ ሄዶ በምርኩዝ መራመድ ጀምረዋል። ንግግራቸው ግን አልተመለሰም። ነገሩን ያውቁታል፤ ስሙ ነው የሚጠፋባቸው። ወይ ምንም አይመጣላቸውም፣ ወይ የማይገናኝ ቃል ይመጣላቸዋል። እኔን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ግራ እጃቸውን ዘርግተው ጉንጬን እየዳበሱ «ጨው… ጨው…» አሉኝ። ሊሉ የፈለጉት ያ እንዳልሆነ ወዲያው ገባቸው፤ እጃቸውን ሰብስበው አፋቸውን ሸፈኑ።

መምህሬ የሆነውን ሁሉ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ነገሩኝ። ሐኪሙ የቤት ዕቃ እያሳያችሁ ስሙን አለማምዷቸው ብሎ ነበር። መምህሬም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እንስራውንም ሙቀጫውንም እያመጡ ፊታቸው አስቀምጠው ይጠይቃሉ። እትዬ ግን ሲሳሳቱ ያፍራሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩና በዚያ ቀን ሌላ ቃል አይወጣቸውም።

«ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ» አሉኝ መምህሬ። «አሁን እንደገና ተማሪዬ መሆን ከበዳት። እኔን ታፍራለች። ዕቃ ቢጠይቃት ግን ዕቃን ምን ብላ ታፍራለች?»

ኮምፒውተር ልማር ብለው የመጡት በዚህ ምክንያት ነበር። ባሕር ዳር የምትሠራው ልጃቸው መሥሪያ ቤቷ አዲስ ሲያስገባ የተተወ አሮጌ ኮምፒውተር ልካላቸዋለች። ያሰቡት ነገር ቀላል ነው። ስክሪኑ ላይ የአንድ ዕቃ ሥዕል ይወጣል፤ ከሥሩ የአምስት ዕቃዎች ስም በአምስት ቁልፎች ላይ ተጽፏል፤ እትዬ በደኅናው በግራ እጃቸው ማውዙን ይዘው ትክክለኛውን ስም ይነካሉ። ማንም አያያቸውም። ከመጀመሪያው ክፍል በኋላ ይህን እንድሠራ አስተምሪኝ ሲሉኝ እኔው ሠርቼ ልሰጣቸው እንደምችል ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ለእሷ የሚሆነውን ራሴ ነኝ የምሠራው አሉ።

ጎበዝ ተማሪ ነበሩ። ኮድ ሲጽፉ የሒሳብ ማረጋገጫ እንደሚጽፉ ሁሉ መስመሩ ሳይዛነፍ፣ ቀስ ብለው ነው። ለተለዋዋጮቻቸው፣ ፕሮግራሙ ቁጥርና ቃል ለሚያስቀምጥባቸው ቦታዎች፣ ስም የሚያወጡት በላቲን ፊደል ቢሆንም ቃሉ አማርኛ ነው፦ ነጥብ፣ ቁጥር፣ መልስ። እንደዚያ ሲሄዱ ቆይተው አንድ ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት አንድ መስመር አቆማቸው። «ነጥብ = ነጥብ + 1» ብዬ ጽፌ፣ ተጠያቂው በትክክል በመለሰ ቁጥር ነጥቡ በአንድ እንዲያድግ ለኮምፒውተሩ የምንነግረው እንዲህ ነው ብዬ ማስረዳት ስጀምር ከኋላ ጥግ እጅ ወጣ።

«ይቅርታ መምህርት» አሉ። «ይህ የተጻፈው ሐሰት ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። አንድ ነገር ራሱ ላይ አንድ ተደምሮበት ከራሱ ጋር እኩል ሊሆን አይችልም አሉ፤ ከግራም ከቀኝም ነጥብን ብንቀንስ ዜሮ ከአንድ ጋር እኩል ነው የሚል ይተርፈናል። ልክ ናቸው። በሳቸው ትምህርት ልክ ናቸው። እኔም «ነጥብ» ቁጥር የሚቀመጥበት ዕቃ ስም ነው ብዬ አስረዳሁ፤ ኮምፒውተሩ በመጀመሪያ የቀኙን ያሰላል፣ ከዚያ ውጤቱን በግራ በኩል ስሙ ወደተጻፈው ዕቃ ይገለብጠዋል፣ በዕቃው ውስጥ የነበረው ይደፋል። መምህሬ አዳመጡኝና «ገባኝ» አሉ። አልገባቸውም ነበር። «ገባኝ» የሚል፣ ግን ያልገባው ሰው ፊት ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ፤ እኛ ተማሪዎቻቸው ለሳቸው ስንቴ እንዲያ ብለናቸዋል።

በዚያው ቀን ፕሮግራማቸው ነጥብ አልቆጥር አለ። ትክክል ተመለሰ አልተመለሰ፣ ነጥቡ መታየት ያለበት ሳጥን ባዶውን ይቀመጣል። ከኋላቸው ሆኜ ኮዱን ሳነብ ስሕተቱን አየሁት። ነጥቡን ወደ ሳጥኑ ማስገባት ሲገባቸው ሳጥኑን በቀኝ፣ ነጥቡን በግራ ጽፈውታል። ኮምፒውተሩ ባዶውን ሳጥን እያነሣ ነጥቡ ላይ ይደፋዋል፤ የተቆጠረው ሁሉ ወዲያው ይጠፋል። ጎንና ጎኑን አገላብጠው እንዲጽፉት ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ግራና ቀኙ አንድ ነው እያልኩ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት» አሉ ቀስ ብለው። «ለአንቺም እንደዚያ ብዬሻለሁ።»

ክፍል ውስጥ «አንቺ» ያሉኝ የዚያን ቀን ብቻ ነው። አላስተዋሉትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን እኔ ክፍሉን ስከፍት ቀድመው ደጅ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የንፋስ መውጫ ንፋስ ነጠላቸውን ያርገበግበዋል፤ ፊታቸው ግን እንደ ልጅ በርቷል። የቄስ ልጅ ናቸው፤ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ከመግባታቸው በፊት ቤተ ልሔም በሚባለው የጋይንት ደብር ዳዊት ደግመዋል፤ ነገር ሲጠናባቸው የሚሄዱት ወደዚያው ወደ ልጅነታቸው ትምህርት ነው።

«አገኘሁት» አሉ። «ችግሩ ከአነባበቡ ነው። ‹ነው› ብለን ነው የምናነበው። ‹ይሁን› ብለሽ አንብቢው። ነጥብ ይሁን፣ ነጥብና አንድ።»

ቁልፉን በሩ ላይ እንደሰካሁ ዞርኩ።

«እግዚአብሔር ብርሃን ይሁን ሲል ብርሃን ነበረ እንዴ? አልነበረም። ይሁን ተባለ፣ ሆነ። ይኸ ምልክት ስለነበረው አይናገርም። ትእዛዝ ነው።»

ያን ቀን ሰሌዳው ላይ ከእኩል ምልክቱ በላይ «ይሁን» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። በዚያች አንዲት ቃል ከሳቸው በኋላ ብዙ ተማሪ አስተምሬባታለሁ፤ ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አላገኘሁም። ክፍሉ ሁሉ እየሳቀ «ይሁን፣ ይሁን» እያለ ኮዱን ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። መምህሬ ጥጋቸው ላይ አቀርቅረው ጻፉ።

የመጀመሪያው ፕሮግራም ተሠራ። ካሜራ ተውሰን ግቢያቸው ውስጥ እየዞርን የእትዬን ዕቃዎች ፎቶ አነሣን፤ እንስራ፣ ወንፊት፣ ሙቀጫ፣ እንቅብ፣ መጥረቢያ። እትዬ ከበረንዳው ሆነው ምን ሆነን ወንፊት ፀሐይ ላይ እንደምናቆም ግራ ገብቷቸው ይመለከቱናል። መምህሬ ለእያንዳንዱ ዕቃ የየራሱን ገጽ ሠሩለት። ትክክል ሲመለስ ስክሪኑ ላይ «ልክ ነሽ» የሚል ይወጣና የበግ ቃጭል ድምፅ ይሰማል፤ ቃጭሉን የቀረጹት ከጎረቤት በግ አንገት ፈትተው ነው። ሲሳሳቱ ደግሞ «እንደገና ሞክሪ» ይላል፤ ጠረጴዛ በእጅ ሲመታ የሚወጣው ዓይነት ደብዛዛ ድምፅም አለው። ለሚስታቸው የሚጻፍ ስለሆነ «ልክ ነዎት» ይሁን ወይስ «ልክ ነሽ» የሚለው ጥያቄ ለእሳቸው ጥያቄ አልነበረም።

እትዬ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ፈሩት፤ ኋላ ለመዱት። ማንም ክፍሉ ውስጥ ካለ ግን አይነኩትም። ስለዚህ መምህሬ ያስነሡላቸውና በሩን ገርበብ አድርገው በረንዳው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። የሚሰሙት ድምፁን ብቻ ነው። ቃጭሉ ጮኸ እንደሆነ «አሄሄ!» ይላሉ ለራሳቸው፤ ደብዛዛው ድምፅ ከተሰማ ከዚያው ሆነው «አይዞሽ» ይላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍል ሲመጡ ትምህርት ሳንጀምር በፊት የሳምንቱን ወሬ ይነግሩኛል። ቃጭሉ እየበዛ ነው። አንድ ቀን እትዬ ምሳ እያቀረቡ ሳለ ማንም ሳይጠይቃቸው «እንቅብ» አሉ፤ እንቅቡም እጃቸው ላይ ነበር። መምህሬ ይህንን ሲነግሩኝ መነጽራቸውን ሦስቴ ጠረጉ።

ከዚያ ዕቃዎቹ ይብዙላቸው አሉ። ለእያንዳንዱ ዕቃ አዲስ ገጽ መሥራት አድካሚ ስለሆነ፣ በአንድ ገጽ ብቻ ሥዕሉን እየለዋወጡ መጠየቅ እንደሚቻል አስተማርኳቸው። «ቁጥር» የሚባል ተለዋዋጭ ይኖራል፤ «ቀጣይ» የሚለው ሲነካ ቁጥሩ በአንድ ያድጋል፣ ሥዕሉም በቁጥሩ ይቀየራል። መምህሬ እቤታቸው ሆነው ሁሉንም እንደገና ጻፉት። የመጀመሪያውን ሥዕል፣ እንስራውን፣ ሞከሩት፤ ቃጭሉ ጮኸ። ወደ ሁለተኛው ሊያልፉ ሲሉ መብራት ጠፋ። ሠርቷል ብለው ተዉት።

እኔ ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የማውቀው፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መምህሬ ክፍል ሲመጡ ፊታቸው ተለውጦ እንደነበረ ነው። ሁሉም ወጥቶ ሲያልቅ ወንበራቸው ላይ ቀሩ።

«ወደ ኋላ ተመለሰች» አሉኝ።

ቃጭሉ ቆሟል አሉ። መጀመሪያ ላይ አንዴ ይጮኻል፤ ከዚያ በኋላ ያ ደብዛዛው ድምፅ ብቻ ነው፤ ደግሞ ደጋግሞ። በረንዳው ላይ ሆነው «አይዞሽ፣ ረጋ ብለሽ እይው» እያሉ ሲያበረታቷቸው ሰነበቱ። ኋላ ኋላ ድምፁም ቀረ፤ እትዬ ማውዙን መንካት ተዉ። የለመዷቸውን ቃሎች እንኳ ከአፋቸው ማውጣት ትተዋል። እንቅብም አይሉም። መምህሬ ሌላ የአንጎል ምት መጥቶባቸው ይሆናል ብለው ሠግተዋል፤ በሚመጣው ሳምንት ፈቃድ ጠይቀው ጎንደር ሊወስዷቸው አስበዋል። ሲናገሩ እጃቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ ነበር። ያን ትልቅ ሰው እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ነገ ከቅዳሴ በኋላ መጥቼ ልያቸው ብቻ አልኩ።

እሑድ ስደርስ እትዬ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። በዓይናቸው ሰላም አሉኝ፤ ቃል ግን አልሞከሩም። ጉልበታቸው ላይ ሰፌድ አስቀምጠው በግራ እጃቸው ምስር ይለቅማሉ። ከጎናቸው ተቀምጬ አብሬያቸው ለቀምኩ። ቆይቼ ኮምፒውተሩን ልንከፍት አንችልም ወይ ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። አላስገደድኳቸውም። ሰፌዱን ይዤ ወደ ውስጥ ገባሁና ኮምፒውተሩ ያለበት ክፍል ወለሉ ላይ ተቀምጬ መልቀሜን ቀጠልኩ። «እትዬ፣ እዚህ ጠጠር በዝቶብኛል፤ ይምጡና ያግዙኝ» ብዬ ተጣራሁ። በምርኩዛቸው መጡ። የሚቀመጡበት ሌላ ወንበር ስላልነበረ ኮምፒውተሩ ፊት ባለው ወንበር ተቀመጡ። ተነሥቼ ማሽኑን አስነሣሁላቸውና ወደ ምስሬ ተመለስኩ። አቀርቅሬ፣ ዓይኔን ከሰፌዱ ሳላነሣ ቆየሁ።

ማየት አለማየቴን ብዙ ጊዜ ካረጋገጡ በኋላ ማውዙን ነኩ። ቃጭሉ ጮኸ። «ቀጣይ»ን ነኩና ከስሞቹ አንዱን መረጡ። ደብዛዛው ድምፅ ተሰማ። እንደገና ነኩ። ያው ድምፅ። ከበረንዳው በኩል «አይዞሽ» የሚል የመምህሬ ድምፅ መጣ። እትዬ ትከሻቸው ወረደ።

ያን ጊዜ ቀስ ብዬ ቀና አልኩ። ስክሪኑ ላይ ያለው ሥዕል ያ ፀሐይ ላይ ያቆምነው ወንፊት ነው። የእትዬ እጅ ማውዙ ላይ እንዳለ ነው፤ ቀስቱም ያረፈው «ወንፊት» የሚለው ቁልፍ ላይ ነው። ስክሪኑ «እንደገና ሞክሪ» ይላል። እያየኋቸው ያው ቁልፍ ላይ እንደገና ተጫኑ፤ ማሽኑ እንደገና አይደለም አላቸው። ወደ ሙቀጫው አለፉ። «ሙቀጫ»ን ነኩ። አይደለም። እንቅብ። አይደለም።

ሁሉንም በትክክል ይመልሱ ነበር። በነዚያ ቀናት ሁሉ በትክክል ሲመልሱ ኖረዋል። ማሽኑ ተሳስተሻል ይላቸዋል፤ ባላቸውም ከውጭ ሆነው የማሽኑን ፍርድ ያጸኑባቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ አይደለም፣ ልክ ነኝ የሚሉበት ቃል የላቸውም።

ተነሥቼ ወደ በረንዳው ወጣሁ። «መምህር፣ ይምጡና ይመልከቱ» አልኩ። መምህሬ ወደ እትዬ ለመግባት አመነቱ፤ እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። እትዬን «አንድ ጊዜ ብቻ ያሳዩልኝ» ብዬ ለመንኳቸው። እትዬ ባላቸውን አላዩም። ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው አስነሣሁላቸው፤ እስከ ወንፊቱ አለፉና «ወንፊት»ን ነኩ። ደብዛዛው ድምፅ ተሰማ።

መምህሬ ሥዕሉን አዩ፤ ቁልፉን አዩ፤ ስክሪኑን አዩ። ከዚያ ሌላ ወንበር አምጥተው ከእትዬ ጎን ተቀመጡና ኮዱን ከፈቱ። ስሕተቱ የት እንዳለ እኔ ወዲያው ታይቶኛል፤ ግን እሳቸው በጣታቸው እየተከተሉ መስመር በመስመር ሲያነቡ ጠበቅኋቸው። «ቁጥር ይሁን አንድ» አሉ። «መልስ ይሁን፣ በቁጥሩ ያለው ቃል።» ይህ ገና ፕሮግራሙ ሲነሣ የሚሠራ፣ ከሁሉ በላይ የተጻፈ መስመር ነው። ወረዱ። «ቀጣይ ሲነካ ቁጥር ይሁን፣ ቁጥርና አንድ። ሥዕል ይሁን፣ በቁጥሩ ያለው ሥዕል።» እዚያ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«መልሱ እንስራ ላይ ቀርቷል» አሉ።

አዎ አልኳቸው። እሳቸው መልሱ የቁጥሩ ቃል ነው ብለው አንድ ጊዜ ከጻፉት፣ ቁጥሩ በተለወጠ ቁጥር መልሱም አብሮ የሚለወጥ መስሏቸዋል። በሒሳብ እንዲያ ነው፤ አንዴ እኩል ነው ከተባለ ሁልጊዜም እኩል ነው። ኮምፒውተሩ ግን «ይሁን» የተባለውን በተባለበት ሰዓት ይፈጽምና ይረሳዋል። ቁጥሩ ኋላ ሲያድግ መልሱ አልሰማም፤ ማንም እንደገና አልነገረውም። ሥዕሉ ወንፊትም ሆነ መጥረቢያ፣ ማሽኑ የሚጠብቀው እንስራን ብቻ ነው።

መምህሬ ያችን መስመር ገልብጠው «ቀጣይ» ከሚለው ሥር፣ ቁጥሩ ካደገ በኋላ ባለው ቦታ አስገቧት። ሌላ የሚለወጥ ነገር አልነበረም። እጃቸውን ከቁልፎቹ አንሥተው ጭናቸው ላይ አኖሩና ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«ልክ ነበርሽ» አሉ። «ሁሉንም ልክ ነበርሽ። ያጠፋሁ እኔ ነኝ። አይዞሽ እያልኩ የምፈርድብሽ እኔው ነበርኩ።»

እትዬ አዩአቸው። አፋቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቃሉ ሩቅ እንደሆነ፣ እየመጣም እንደሆነ ከፊታቸው ይነበብ ነበር። መምህሬ ሊያግዙ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«ወንፊት» አሉ እትዬ። ትንሽ አርፈው ጨመሩ። «ወንፊት ነው… አልኩ።»

መምህሬ ጎንበስ ብለው ያችን የማትታዘዘውን የእትዬን ቀኝ እጅ አንሥተው ሳሟት። እኔ ምስሩን ይዤ ወጣሁ። በረንዳው ላይ ሆኜ ስለቅም ቃጭሉ ጮኸ፤ ቆይቶ ደግሞ ጮኸ። በሩ አልተዘጋም፤ መምህሬም አልወጡም። እትዬ በሳቸው ፊት ሲሞክሩ ያ የመጀመሪያ ቀን ነበር። አንዴ ያ ደብዛዛው ድምፅ ሲሰማ፣ ስሕተቱ የማን እንደሆነ ለማየት ሁለቱም ሲያጉረመርሙ ሰማሁ። የእትዬ ሆኖ ተገኘ፤ ሳቁ።

ጎንደር መሄዱ ቀረ። ከዚያ በኋላ ቃሎቹ እየመጡ ሄዱ ብል ደስ ባለኝ፤ ነገሩ ግን እንደዚያ ቀጥ ያለ አልነበረም። የመጣው ይሄዳል፤ የሄደው በማይጠበቅ ሰዓት ይመለሳል። እንደ ድሮው ገበያውን ሁሉ የሚያነጋግር አንደበታቸው አልተመለሰም። መምህሬ ሥዕሎቹን እየጨመሩ ሄዱ፤ አርብ ገበያ ቤተሰቦቼን ልጠይቅ ስወርድ ካሜራውን አስይዘውኝ የገበያውን ዕቃ ሁሉ አንሥቼላቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር ሲሠሩ አንዱን ሥዕል ብቻ ሞክረው አያውቁም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሳቸው ከእትዬ አጠገብ ተቀምጠው ይሞክሩታል። ኮርሱ ሲያልቅ የምስክር ወረቀታቸውን ሰጠኋቸው፤ ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ያን ለማየት ዓይኔን ወዴት እንደማዞር ቸግሮኝ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ፍልሰታ የተፈታ ሰሞን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከአጥሩ ውጭ ሳለሁ የሚጯጯኽ ሰው ሰማሁና ደነገጥኩ፤ ሮጬ ስገባ መምህሬና እትዬ ግቢው መሐል ፊት ለፊት ቆመዋል። መምህሬ ሳያማክሯቸው ከአጥሩ ሥር የነበረውን ትልቅ ባሕር ዛፍ አስቆርጠዋል። እትዬ በምርኩዛቸው ጉቶውን እየጠቆሙ «በጉን… በጉን ለምን አስቆረጡ?» ይላሉ። መምህሬም «በጉን ማን ነካው? ዛፉን ነው፤ እሱም ቤቱ ላይ ሊወድቅ ነበር» ይላሉ። «እሱኑ ነው ያልኩ!» አሉ እትዬ ተቆጥተው።

እኔን ሲያዩ ዳኛ የመጣላቸው መሰላቸው። እትዬ ክንዴን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጡኝና ክሱን ከመጀመሪያው ጀመሩልኝ። መሐል ላይ አንድ ቃል ጠፋቸው። ቆሙ። መምህሬ ሊሉ የፈለጉትን ያውቁ ነበር፤ ከዓይናቸው ያስታውቃል። አላቀበሏቸውም። እትዬም እርዳታ አልጠየቁም። ከጉቶው ላይ አዲስ የተቆረጠ እንጨት ሽታ ይመጣል። ሁላችንም ቃሉ እስኪመጣ ዝም ብለን ጠበቅን።